ቤት ለቤት የሚሸጠውን «የኖራ ማጣሪያ» ሳትገዙ ይህን አንብቡ

የድሬ ልጆች፣ በተለይ እናትና አባታችሁ ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ፣ እባካችሁ ይህን ለጎረቤትም ንገሩ። የውሃ ኖራ ያጠፋል እየተባለ ቤት ለቤት የሚዞር ማጣሪያ አለ። እኛ ቤት 24,000 ብር በልቷል።

ይዘውት የመጡት ሁለት ወጣቶች ናቸው። አለባበሳቸው ያማረ፣ ደረታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ፣ አንደበታቸው ማር። እናቴን «እማዬ፣ ውሃዎን በነፃ እንመርምርልዎት» አሏት። ሁለት ብርጭቆ ጠየቁ። አንዱ ላይ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላው ላይ ይዘውት የመጡትን የታሸገ ውሃ ቀዱ። ከዚያ ዘንግ ዘንግ ያለው ትንሽ ዕቃ አውጥተው ሁለቱም ውስጥ ነከሩና ሶኬት ላይ ሰኩት። ደቂቃ አልቆየም። የቧንቧው ውሃ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከላዩ ቆሻሻ አረፋ ተንሳፈፈ። የታሸገው ኩልል እንዳለ ቀረ። «ሲጠጡ የኖሩት ይህን ነው» አሏት። ደነገጠች። ለቦይለሩም ለልብስ ማጠቢያውም ይሆናል ሲሏት በዚያው ቀን ከፈለች።

ያ ቡናማ ነገር ከውሃው አልወጣም። የወጣው ከዘንጉ ነው። አንደኛው ዘንግ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እየሟሟ ይዝጋል። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በደንብ ተጣርቶ የታሸገው ግን ማዕድኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አያስተላልፍም፣ ብረቱም ባለበት ይቆያል። ሰዎቹ ከወራት በኋላ ጎረቤታችን ቤት መምጣታቸውን ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። የታሸገው ውሃ ላይ ቁንጥር ጨው ጨምሬ «አሁን ሰኩት» አልኳቸው። እሱም ቡናማ ሆነ። ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ።

ኖራው ግን እውነት ነው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፣ ዙሪያችን ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃው ድንጋዩን አሟሙቶ ይመጣል። ሲቀዳ አይታይም፤ ሲሞቅ ወይም ሲተን ነው ተመልሶ ድንጋይ የሚሆነው። ቤት የሚያቀዘቅዘው ኩለር ውስጥ ያለው ገለባ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረው፣ ካውያው ልብስ ላይ ነጭ የሚተፋው በዚሁ ነው። ከሁሉም የሚጎዳው ግን ቦይለር ነው። የእኛው ማጣሪያው በተገጠመ በአምስተኛው ወር ቆሎ እንደሚቆላ መንጣጣት ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ሠራተኛው ማሞቂያውን ፈትቶ ሲያወጣው ጣት የሚያህለው ብረት የእጅ አንጓ አክሏል። ሲያንኳኳው ኖራው እንደ እንቁላል ቅርፊት ረገፈ። ብረቱ ኖራ ሲለብስ ሙቀቱ ወደ ውሃው አይደርስም፤ እዚያው በራሱ ላይ ይነድና ይቃጠላል። እስኪቃጠል ድረስም መብራት ይበላል።

ማጣሪያውንም ከፈትነው። ውስጡ አንድ የክር ጥቅልና አንድ የከሰል ጥቅል ነው። ክሩ አሸዋና ዝገት ይይዛል፣ ከሰሉ የክሎሪን ሽታ ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ኖራን ግን አይዙም። ወጥ ውስጥ የገባ ጨው በወንፊት ይወጣል?

ኖራን በእርግጥ የሚያወጣው ውስጡ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያሉ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ያሉት ዓይነት ነው። ፍሬዎቹ እየጠገቡ ስለሚሄዱ በየጊዜው በጨው ውሃ መታጠብ አለባቸው። ስለዚህ ሻጩን «ጨው ስንት ጊዜ ነው የሚጨመርበት?» በሉት። ጨው አያስፈልገውም ካለ በሩን አሳዩት። ኩሽና ላይ የሚገጠመው፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው አርኦ የሚባለው ማጣሪያም ኖራ ያወጣል፣ ግን የመጠጥ ውሃ ቀስ እያለ የሚያጠራቅም ነው እንጂ ቦይለር አይመግብም። ብዙ ውሃም ያፈሳል፤ በፈረቃ ውሃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቧንቧ ላይ የሚታሰረው ማግኔት ላይ ደግሞ አምስት ሳንቲም አታውጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ማጣሪያው የሚሰራበት ቤት ውሰዱኝ በሉ። በሁለት ጠርሙስ፣ አንዱ ላይ ከማጣሪያው በፊት፣ ሌላው ላይ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ውሃ እኩል ቅዱ። ከአንድ ተራ ሳሙና እኩል ፍቃችሁ ጨምሩና ነቅንቁ። አረፋቸው እኩል ከሆነ ኖራው አልተነካም ማለት ነው።

ውሃችን መርዝ ነው ብለው ሲያስፈራሯችሁም አትደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ኖራ ከጤና አንፃር ያስቀመጠው ገደብ የለም። ማንቆርቆሪያችሁን አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ አፍልታችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት፣ ይለቃል። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ አደገኛ ነው። ቦይለሩንም በዓመት አንዴ አስከፍታችሁ አስጠርጉ፣ ሙቀቱንም ከ60 ዲግሪ በላይ አታድርጉት።

የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኔ ደረሰኙንና የተቃጠለውን ብረት ይዤ ሰኞ ጠዋት ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።