«አዲስ ነው» ስለተባለ ብቻ የመሮጫ ጫማ እንዳትገዙ

በቅርቡ የመሮጫ ጫማ ስገዛ ተሸውጃለሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

ሻጩ «አዲስ ነው፣ እግር አልገባበትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ጎማው ላይ አንዲት ጭረት የለም። ቅናሹም ያጓጓል። ለካ ጫማው ካርቶን ውስጥ ዓመታት ከርሟል! ሦስተኛ ቀን ስሮጥ ተረከዜ ሥር የሆነ ነገር ሲንኮታኮት ተሰማኝ። አውልቄ ሳየው ጎማው ተላቆ ተንጠልጥሏል። መሃል ያለው ስፖንጅ ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

የዚህ ጫማ ሶል አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከታች መሬት የሚነካው ጎማ አለ። ከላይ እግራችን የሚያርፍበት ስስ ንጣፍ አለ። ዋናው ግን በሁለቱ መሃል ያለው ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ሚድሶል ይሉታል። ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደታችን 2 እጥፍ በላይ የሚሆን ጫና እግራችን ላይ ያርፋል። ያንን የሚያለዝብልን እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ካሉት ኢቪኤ ከሚባል ፎም ነው። ኢቪኤ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ምቾቱም ይጠፋል። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ግን ይብሳል። የአየሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ከውስጥ ይበላዋል፣ ማንም ሳያደርገው ይፈራርሳል። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የጫማውን ምላስ ገልብጡት። ከውስጥ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ታገኛላችሁ። ብዙ አምራቾች የተመረተበትን ጊዜ እዚያ ላይ በደቃቁ ያትማሉ። እኔ ያየሁት ካለቀ በኋላ ነው፤ 6 ዓመት አልፎታል። ጨርቋ ተቆርጣ ከሆነ ጫማውን መልሱለት።

ቀጥሎ የሚድሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጎድጎድ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ስንጥቅ ካሳየ ይቅርባችሁ። ከዚያ ጫፉንና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችን በሚታጠፉበት በኩል ነው። ልክ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት እጥፍ ካለ እግር አይደግፍም። ስታጥፉት ሶሉ ከላይኛው ጨርቅ ጋር የተጣበቀበትን መስመርም እዩ። ማስቲሹ አርጅቶ ከሆነ እዚያ ጋ ክፍተት ይታያል።

ጫማውን ይዤ ስመለስ «የቅናሽ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ሲሸጥልኝ ይህን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ተረከዜ እስካሁን ጠዋት ጠዋት ያመኛል።