ለዓሣ ጫጩቶች ውኃ መመርመሪያ፦ ኤፒአይ ፍሬሽዋተር ማስተር ኪት ምን ይለካል፣ ምን ያመልጠዋል?

የዓሣ ጫጩት ለማሳደግ የተነሣ ሰው ከምግቡም ከመብራቱም አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባው ዕቃ የውኃ መመርመሪያ ነው። በአኳሪየም አሳዳጊዎች ዘንድ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ኤፒአይ ፍሬሽዋተር ማስተር የተባለው ባለ ጠብታ ኪት ሲሆን፣ ፒኤችን (የውኃውን አሲድነት መጠን)፣ እንዲሁም ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍ የሚመነጩትን አሞኒያን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን ይለካል። ለእነዚህ አራት ነገሮች ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ነገር ግን ጫጩቶችን ወዲያውኑ ሳይገድል ባሕርያቸውን ብቻ የሚያዛባ ብክለት ብዙ ጊዜ ከአራቱ ውጭ መሆኑን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ከሁሉም የላቀ ጥቅም የሚሰጠው የአሞኒያው ምርመራ ነው። በመስታወት ቱቦው ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ይደረግና ከሁለቱ ጠርሙሶች ስምንት ስምንት ጠብታ ተጨምሮ ከተነቀነቀ በኋላ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ውኃው ቢጫ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ አልተገኘም፤ አረንጓዴነቱ እየጠነከረ በሄደ መጠን አሞኒያውም በዝቷል ማለት ነው። አስቸጋሪው የመጀመሪያው እርከን ነው፤ በሊትር በ0 እና በ0.25 ሚሊ ግራም መካከል ያለው የቀለም ልዩነት እጅግ ስስ በመሆኑ በአምፖል ብርሃን ለመለየት ያዳግታል። ስለዚህ ቱቦውን ከቀለም ካርዱ ነጭ ክፍል ጋር አስጠግቶ በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል። የጫጩት ገላ ስስ ስለሆነ ይህችን ትንሽ እርከን ችላ ማለት አይገባም።

ካርዱ የሚያሳየው ቁጥር ግን ጠቅላላውን አሞኒያ እንጂ መርዛማውን ክፍል ለይቶ አይደለም። የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ፒኤቹም 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በዚያው ሙቀት ፒኤቹ 8 ሲደርስ ግን ወደ 5 በመቶ ከፍ ይላል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም በአንዱ ገንዳ የሚታገሡት፣ በሌላው ደግሞ ጫጩቶቹን ከምግብ የሚያርቅና ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አየር እንዲጎነጩ የሚያስገድድ ሊሆን ይችላል። ፒኤችም እዚያው ኪት ውስጥ መካተቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ናይትራይት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ስለሚያደርግ፣ የጫጩቶቹ ስንጥብ ቶሎ ቶሎ ሲመታና እንቅስቃሴያቸው ሲቀዘቅዝ የናይትራይቱ ምርመራ ምክንያቱን ይጠቁማል። የናይትሬቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ከመንጠባጠቡ በፊት ለ30 ሰከንድ በኃይል ካልተነቀነቀ ውጤቱ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል።

ኪቱ ከማያያቸው ነገሮች ዋነኛው መዳብ ነው። አንድ ዓሣ ቆዳው ሲቀደድ ወደ ውኃው የሚለቀቀውን ንጥረ ነገር ሌሎቹ አሽትተው ባሉበት ድርቅ ይላሉ፤ አዳኝ ዓሣ እንዳያያቸው የሚጠብቃቸው ይኸው ነው። በኮሆ ሳልመን ጫጩቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በሊትር 2 ማይክሮ ግራም ብቻ መዳብ ባለበት ውኃ ለ3 ሰዓት የቆዩት ይህ የማሽተት ንቃታቸው ተዳክሞ፣ አደጋው ሲመጣ እንደ ጤነኞቹ ሳይደርቁ መዋኘታቸውን ቀጥለዋል። ለቤት የሚሸጡ የመዳብ መመርመሪያዎች እንኳ የሚያነቡት ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን መጠን ነው፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ ኪቱን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። መዳብ የሚመጣው ደግሞ ሩቅ ካለ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ሲያድርባቸው ከቆዩ የመዳብ ቧንቧዎች፣ ከአንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶችና ከአልጌ ማጥፊያዎችም ይገባል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጤና የሚመስለው ለውጥ ነው። በ2013 የታተመ አንድ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ኦክሳዜፓም የተባለው የጭንቀት መድኃኒት በሊትር 1.8 ማይክሮ ግራም በነበረበት ውኃ የቆዩ ፐርች ዓሣዎች ይበልጥ ንቁ ሆነው፣ ምግባቸውንም ፈጥነው እየበሉ፣ ከመንጋቸው ግን እንደራቁ አሳይቷል። ደፋርና በላተኛ ጫጩት ያየ አሳዳጊ ደስ ቢለው አያስገርምም፤ ነገር ግን ከመንጋ መነጠሉንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ኪቱን ስትጠቀሙ ከቁጥሮቹ ጎን ለጎን ጫጩቶቹ አብረው መዋኘታቸውን፣ ጥላ ሲያርፍባቸው መሸሻቸውን፣ ምግብ ሲጣልም በምን ያህል ፍጥነት መምጣታቸውን በየዕለቱ መዝግቡ።

በወረቀት የሚሠሩትን መመርመሪያዎች ለጫጩት ገንዳ አልመርጣቸውም፤ ብዙዎቹ አሞኒያን ጨርሶ አይለኩም። ይህን ኪት የገዛ ሰው ቁጥሮቹ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ሳለ የጫጩቶቹ ባሕርይ ከተለወጠ፣ መዳብ ያለባቸውን መድኃኒቶች ያቁም፤ ቧንቧው መዳብ ከሆነ ያደረውን ውኃ አፍስሶ ከገንዳው ውኃ ከፊሉን በአዲስ ይተካ፤ የመድኃኒት ቅሪት ከጠረጠረም በማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን (ቅሪቱን የሚመጥ ልዩ ከሰል) ይጨምር።