የመንግስቱ ወርቁን ፎቶ ላደሰችልን እህታችን ምስጋና፤ ለእናንተም ጥቆማ

ቤታችሁ ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም ውሃ የነካው ፎቶ ካለ ይህን አንብቡ። የሌላችሁም አንብቡት፤ የኳስ ወሬ አለበት።

እኛ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች ነን። ማህተም ያለን ማህበር አይደለንም። ስታዲየም አካባቢ ተገናኝተን ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ ግማሾቻችን ሸብተናል፣ የቀረነውም መንገድ ላይ ነን። ታህሳስ ሲመጣ የክለባችንንና የብሔራዊ ቡድኑን የድሮ አጥቂ መንግስቱ ወርቁን እናነሳለን። ያረፈው ታህሳስ 2003 ዓ.ም ነው። እስካሁን በወሬ ብቻ ነበር የምናስበው። ዘንድሮ ግን "ፎቶውን በትልቁ አሳትመን፣ ጧፍ አብርተን፣ ቡና አፍልተን በወግ እንዘክረው" ተባለና ሁሉም ተስማማ።

ፎቶው የጋሼ ነው። ጋሼ ከመካከላችን ትልቁ ናቸው፤ ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ ብዬ ልለፍ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። መንግስቱ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ቆሟል። አንድ ጊዜ ለሁለት ታጥፎ ስለነበር የእጥፋቱ መስመር የሚያልፈው ልክ በመንግስቱ ፊት ላይ ነው። ከታች በኩል ውሃ ነክቶታል። ይባስ ብሎ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል።

መጀመሪያ አንድ ቤት ወሰድነው። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው እንጀራውን ይብላ። "ችግር የለም፣ በኤአይ ቶሎ ይሰራል" አሉን። እውነትም ቶሎ ደረሰ። ፊቱ ጥርት ብሏል፣ ቆዳው ለስልሷል፣ ጥርሱ ነጥቷል። ማልያውም ማንም ያላዘዘው ቀለም ተቀብቷል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና "ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" አሉ። እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

እውነት ለመናገር ቆንጆ ፎቶ ነበር። መንግስቱ አለመሆኑ ነው ችግሩ። መሳሪያው በእጥፋቱ የጠፋውን የፊት ክፍል ከየትም አምጥቶ ሞልቶታል። የማያውቀው ሰው "ዋው" ብሎ ያልፋል፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። መንግስቱን ሜዳ ላይ ያየ ሰው እያለቀ ነው። የሚቀጥለው ትውልድ የሚያውቀው በእነዚህ ጥቂት ፎቶዎች ነው። የሰው ፊት ለጥፈንበት "መንግስቱ ይኸውላችሁ" ብንል ማን ያርመናል?

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጓደኛችን ወደ እሷ የመራን። ድሮ የአባቷ ፎቶ ቤት ፒያሳ ነበር። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ለቀቁና አሁን እሷ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ስትወርዱ፣ አንድ ህንጻ ላይ ጠባብ ክፍል ይዛ ትሰራለች። ፓስፖርት ፎቶ ታነሳለች፣ ጉርድ ፎቶ ታትማለች፤ ዋናው ጥበቧ ግን የድሮ ፎቶ ማደስ ነው።

ሊፍቱ አይሰራም ነበር። ጋሼ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደውለን ስንነግራት "አባባን እንዳታስወጧቸው፣ እኔ እወርዳለሁ" አለች። ወርዳም ከህንጻው ስር ካለው ካፌ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሁሉ በፊት የጠየቀችን "ከመስታወቱ ለመላጥ ሞክራችኋል?" ብላ ነው። አልሞከርንም። "ተመስገን" አለች። የተጣበቀ ፎቶ ሲላጥ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ ባዶውን ይወጣል። ስለዚህ ከነመስታወቱ ስካን አደረገችው። ነጸብራቅ የያዘውን ቦታ ደግሞ መብራት በጎን አድርጋ በካሜራ አነሳችው።

ከዚያ ጋሼን መጠየቅ ጀመረች። ፎቶው መቼ የተነሳ ይመስልዎታል? አጠገቡ ያሉት እነማን ናቸው? ጸጉሩን የሚከፍለው በየት በኩል ነበር? ጋሼ ደግሞ መንግስቱን ከጠየቃችኋቸው መልሳቸው የሚጀምረው ከጥር 1954 ነው።

በልጅነታቸው ያን ቀን ስታዲየም ነበሩ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ ከግብጽ። ያኔ ግብጽ የምትጠራው የተባበሩት አረብ ሪፐብሊክ ተብላ ነው፤ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎችም የበላችው እሷ ነች። ባደዊ አገባብን። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን። ጋሼ እዚህ ጋ ሁልጊዜ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ይጭናሉ፤ ምክንያቱም ጭብጨባው ሳይበርድ በ75ኛው ያው ባደዊ ደገመን። በ84ኛው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን። ጭማሪ ሰዓት ተገባ። ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግስቱ አራተኛውን ጨመረና ነገሩን ዘጋው። 4 ለ 2። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ሰጡት።

ልጅቷ ማስታወሻ እየያዘች ዝም ብላ ሰማች። ሲጨርሱ "አባባ፣ ጸጉሩን ግን አልነገሩኝም" አለች። እዚያ ያለነው ሁሉ በሳቅ ፈረስን።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ይህች ልጅ ቡና ነች። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ! ክፍሏ ግድግዳ ላይ ያለው በ2009 በድንገት ያረፈው የቡናው አጥቂ የአሰግድ ተስፋዬ ፎቶ ነው። እሱንም ራሷ ናት ያደሰችው። ስናየው አንዱ ጓደኛችን "ወይ ጉድ፣ ፎቶአችንን ለማን ሰጠነው" አለ። እሷም ቀና ሳትል "ለሳንጆርጅ ብዬ አይደለም የምሰራው፤ ለሃምሳ አራቱ ዋንጫ ነው" አለች። የሸገር ደርቢን፣ የጊዮርጊስና የቡናን ፉክክር፣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ቸርነት ነው።

ስራዋን እንዴት እንደምትሰራ ትንሽ ልናገር፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። አቧራና ጭረቱን በእጇ ታጸዳለች፣ አንድ በአንድ። የተሰነጠቀውን ቦታ እዚያው ፎቶ ላይ አጠገቡ ካለው እየወሰደች ትሞላለች። ፊት ላይ ስትደርስ ትቆማለች። "ሌላ የመንግስቱ ፎቶ አምጡልኝ፤ በዚያው ዘመን የተነሳ፣ በተቻለ በዚሁ ጎን የዞረ" አለችን። ከየቤቱ ተለቀመ፤ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ ሳይቀር። እነዚያን እያስተያየች በእጥፋቱ የጠፋውን የአፍንጫውን ጠርዝና የአንድ ዓይኑን ዳር መለሰች። ከእግሩ በታች ያለው ውሃ የበላው ክፍል ግን ምንም ማመሳከሪያ አልተገኘለትም። "ይሄን አልነካውም። ያልነበረ ጫማ ላጫማው አልችልም" አለችና ደብዝዞ እንዳለ ተወችው። ቀለም ይቀባልን ያለም ነበር። "የዚያን ቀን የለበሱትን ማልያ ቀለም እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ አለ?" ስትል ክርክር ተነሳ፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ የተጠናቀቀውን ሲያዩ ብዙ አላወሩም። "እሱ ነው" ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲያው አጠገቡ ባሉት ተጫዋቾች ማንነት ላይ ከሌላ ሰውዬ ጋር መጣላት ጀመሩ።

መታሰቢያው ጥሩ ሆነልን። ያልጠበቅናቸው ሰዎች መጡ፤ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ። አንድ ታዳጊ "ስንት ጎል አገባ?" ብሎ ሲጠይቅ በአፍሪካ ዋንጫ ብቻ 10 መሆኑን ስንነግረው ስልኩን አውጥቶ አጣራ። ያጣራ፣ ምን አለበት! በ1928 አራዳ ላይ የተመሰረተው ክለባችን ብዙ ኮከብ አይቷል፤ እንደ መንግስቱ ያለ ግን ለእኔ የለም። ጫማ ከሰቀለ በኋላም አሰልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን መርቷል። ስለ አሰልጣኝነቱ ብዙ አናወራም፤ አንድ ቀን ለብቻው መወራት አለበት።

አሁን ወደ ጥቆማው። ልጅቷ ርካሽ አይደለችም። ፎቶውን ሳታይ ዋጋ አትናገርም፤ ካየች በኋላ የተናገረችውን ግን አትጨምርም። ቀብድ ትቀበላለች። ቶሎም አትጨርስም፤ ለነገ ሰርግ የሚደርስ ነገር ከፈለጋችሁ ሌላ ቤት ሂዱ። ጠዋት ጠዋት ስልክ አታነሳም፤ ይሄ እኔንም አናዶኛል። ኦርጅናሉን እጇ ላይ አታቆይም፤ ስካን አድርጋ ወዲያው ትመልሳለች። ሲያልቅ ከታተመው ጋር ፋይሉን በፍላሽ ትሰጣችኋለች፤ ያልታደሰውንም ስካን ጭምር። ይህን ሌላ ቤት አላየሁም።

ለሁላችሁም የምትለው ነገር አለ። የድሮ ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። ጸሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። መስታወት ላይ ከተጣበቀባችሁ ከነመስታወቱ አምጡት። በስልክ አንስታችሁ በቴሌግራም ብትልኩላት ከዚያ ላይ አትሰራም፤ ወረቀቱን ማየት ትፈልጋለች።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ ሳታስፈቅደኝ አትለጥፍ ብላኛለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እህታችን፣ ቡና ብትሆኚም እጅሽ ይባረክ።

ቀጣዩ ሐሳባችን የ54ቱን ቡድን በሙሉ ማሰባሰብ ነው። አምበሉ ሉቺያኖም በ2015 መስከረም ሮም ላይ አርፏል። የእሱ፣ የኢታሎ፣ የግርማ ተክሌ፣ የበረኛው የጊላሚካኤል፣ የማንኛቸውም ፎቶ በአባታችሁ ወይም በአያታችሁ ቤት ካለ አሳውቁን። የማደሻውን ወጪ እኛ እናዋጣለን፤ ኦርጅናሉ እዚያው ቤታችሁ ይመለሳል። ክለብ አንመርጥም፤ የቡናም ቤት ቢሆን እንመጣለን።