የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሰመር ክላስ፦ 5 ሳምንት፣ 8 ሳምንት፣ ኦንላይን ወይስ ሰርተፍኬት? (ንጽጽር)

የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሰመር ካታሎግ ስትከፍቱት ሁሉም አንድ ነው ሚመስለው። ያው ኢንግሊሽ፣ ያው ሳይኮሎጂ፣ ያው ስታቲስቲክስ፣ ክሬዲቱ እኩል፣ ዋጋውም እኩል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ የስቴቱ ነዋሪ ለሆነ ሰው አንዱ ዩኒት (ክሬዲት ማለት ነው) 46 ዶላር ነው፣ 3 ዩኒት 138 ማለት ነው፣ በ5 ሳምንት ጨረሳችሁት በ10 ሂሳቡ ያው። ልዩነቱ ያለው ዳር ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ እሱን ሳያይ "በ5 ሳምንት ልገላገለው" ብሎ ሬጂስተር ያደርጋል።

ስለዚ በሳምንት ሳይሆን በሰዓት አወዳድሩ። የተለመደው ስሌት አንድ ክሬዲት ወደ 45 ሰዓት ስራ ነው ሚለው፣ 15ቱ ክላስ ውስጥ 30ው ቤት። 3 ክሬዲት 135 ሰዓት ሆነ። በመደበኛው 15 ሳምንት ሲከፋፈል በሳምንት 9 ሰዓት ነው፣ እየሰሩ ይቻላል። 10 ሳምንት ላይ 13 ተኩል፣ 8 ሳምንት ላይ 17 ገደማ፣ 5 ሳምንት ላይ ግን 27! ሁለት ክላስ አንድ ላይ በ5 ሳምንት ከያዛችሁ 54 ሰዓት መጣ፣ ከዛ ላይ ስራ ጨምሩበትና እንቅልፍ የት ሊገባ ነው።

እሺ 5 ሳምንቱ ለምን አይነት ክላስ ይሆናል ካላችሁ፣ አንዱ ምዕራፍ ባይገባችሁ ሌላውን ለማይዘጋባችሁ ነው፦ ኢንትሮ ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂ፣ አርት ምናምን። ስፒች እንደውም አጭሩ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሰው ፊት መቆም ሚፈራ ሰው በየጥቂት ቀኑ ሲቆም ፍርሃቱ ቶሎ ይለቀዋል። ማዝ ላይ ግን አይመከርም፣ ካልኩለስ በተለይ፣ ሰኞ ያልገባህ ነገር ማክሰኞ እንደሚታወቅ ተቆጥሮ ነው ሚቀጥለው፣ ለማሰብ እንኳን ጊዜ የለም።

ነርሲንግ ለመግባት ሚጠየቀው አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ (የሰውነት ክፍሎችና አሰራራቸው) ደግሞ ለብቻው ይወራ። ብዙ ቦታ ላብ (ላብራቶሪ) ጨምሮ 4 ክሬዲት ነው፣ በዛው ስሌት 180 ሰዓት፣ በ5 ሳምንት ሲሆን በሳምንት 36 ሰዓት፣ በቃ ፉል ታይም ስራ ነው። ላብ ፕራክቲካል ሚባለውን ፈተና አስቡት፦ ጠረጴዛው ላይ አጥንቶች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያለው ስቲከር ተለጥፏል፣ አንዱ ጋ አንድ ደቂቃ ገደማ ትቆማላችሁ፣ ታይመሩ ሲጮህ ወደሚቀጥለው። ጥያቄው "ፌመር (የጭን አጥንት) ነው" ብላችሁ ምታልፉት አይደለም፣ የግራ ነው የቀኝ፣ ይቺ ጎበጥ ያለችው ግሬተር ትሮካንተር ናት ወይስ ሌሰር፣ ስፔሊንግ ስትስቱ ነጥብ ሚቀንስ አስተማሪም አለ። አጥንት ብቻ 206 ነው፣ ጡንቻው ገና ነው። ይሄ ነገር በእጅ እየነኩ እየደጋገሙ ካልሆነ ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም፣ ፕሮግራሞቹ ደግሞ በሳይንስ ውጤታችሁ ነው ሚያወዳድሯችሁ፣ በጥድፊያ የመጣ "ሲ" (C) ውጤት በኋላ ያስከፍላል። እየሰራችሁ ከሆነ 10 ወይ 12 ሳምንቱን ፈልጉ፣ ከሌለ ለፎል አቆዩት።

8 ሳምንቱ ሰው ሚረሳው መሀከለኛ ነው፣ እኔ ግን ፓርት ታይም ለሚሰራ ሰው ለአንድ ክላስ መጀመሪያ ምመርጠው እሱን ነው። ኢንግሊሽ ኮምፖዚሽን በሱ ልክ ነው፣ ድራፍት ጽፋችሁ አስተያየት ተሰጥቷችሁ ለማስተካከል ጊዜ አለ።

ኦንላይን ወይስ በአካል? ኦንላይን ስትሉ መጀመሪያ የቱ ኦንላይን እንደሆነ እዩ። ሲንክሮነስ ከሆነ በዙም ሰዓቱን ጠብቃችሁ ምትገቡበት ነው፣ ለሺፍት ሰራተኛ ከክላስ ሩም ብዙ አይለይም። ኤሲንክሮነስ ከሆነ ሰዓት የለውም፣ ዴድላይን ግን አለው፣ እሮብ ዲስከሽን፣ እሁድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ኩዊዝ፣ እንደዛ ነው። ናይት ሺፍት ለሚሰራና ራሱን ለሚገዛ ሰው ኤሲንክሮነስ፣ ሚያስታውሰው ሰው ለሚፈልግ በአካል። ሀይብሪድ (ከፊሉ ኦንላይን ከፊሉ በአካል የሆነው) ላይ በአካል ሚመጡባቸው ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ ሳታዩ እንዳትመዘገቡ። ሳይንስ ከሆነ ደግሞ ኦንላይን ላብ ማይቀበሉ የነርሲንግ ፕሮግራሞች አሉ፣ ምታመለክቱበትን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ብሩ ጋ ስንመጣ፣ ፔል ግራንት (ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ ፌደራል መንግስት ሚሰጠው ማይመለስ እርዳታ) ያላችሁ ይቺን ልብ በሉ። ፎልና ስፕሪንግ ፉል ታይም ተምራችሁ የአመቱን ከጨረሳችሁ ለሰመር ተጨማሪ ይገኛል፣ ተደምሮ የአመቱን ድርሻ እስከ 150 ፐርሰንት፣ ግን ቢያንስ ሀፍ ታይም መሆን አለባችሁ፣ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ 6 ክሬዲት ነው። አንድ 3 ክሬዲት ብቻ ከያዛችሁ ያ ተጨማሪ አይመጣም። ስለዚ አንዱን በመጀመሪያው 5 ሳምንት ሌላውን በሁለተኛው መውሰድ በገንዘብም በጉልበትም ሊያዋጣ ይችላል፣ ሁለቱ ተደምረው ይቆጠሩ እንደሆነ ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ አረጋግጡ፣ የሰመሩ የየትኛው አመት ፋፍሳ (የፌደራል እርዳታ ማመልከቻ ፎርም) ላይ እንደሚታሰብም አብራችሁ ጠይቁ ምክንያቱም ኮሌጁ እንደ አሰራሩ ካለፈው ወይ ከሚመጣው አመት ሊያስበው ይችላል። የፔል የእድሜ ልክ ጣሪያውም 600 ፐርሰንት (የ6 ሙሉ አመት ድርሻ ያህል) እንደሆነ አትርሱ።

አጭር ክላስ ላይ ድሮፕ ማድረጊያ (ክላሱን መተዊያ) ጊዜውም አጭር ነው። ሪፈንድ ሚሰጠው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ አንዳንዴ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ይዘጋል። የፌደራል እርዳታ ይዞ ከተርሙ 60 ፐርሰንት በፊት ሁሉንም ጥሎ ሚወጣ ሰው ደግሞ የተሰጠው ብር ከፊሉ ይመለሳል፣ ኮሌጁ ቢል ሊልክላችሁ ይችላል። ክላስ አቋርጣችሁ ስትወጡ ሚጻፈው ደብልዩ (W) ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አይነካም፣ ግን ሞክራችሁ ያልጨረሳችሁት ተብሎ ይቆጠራል።

ዲግሪ ሳይሆን ቶሎ ስራ ምትፈልጉ ከሆነ ነን ክሬዲቱን (ክሬዲት ማይሰጠውን የስራ ስልጠና) እዩ፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት)፣ ፍሌቦቶሚ (ደም መቅዳት) ምናምን። ሲኤንኤ በፌደራል ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፣ ስቴቶች ይጨምሩበታል፣ ካሊፎርኒያ 160 ነው ምትጠይቀው። ሰመር ላይ ገብቶ ለመስከረም ፈተናውን መውሰድ ይቻላል። ችግሩ ወደ ዲግሪ አይቆጠርም፣ መደበኛው ፔልም አይሸፍነውም፣ ለአጫጭር ፕሮግራም ተብሎ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ሚሰራው አዲሱ ፔል ራሱ ከ150 ሰዓት በታች ለሆነ አይሆንም። ነርሲንግ እንደሚወዱት እርግጠኛ ላልሆኑ ሰዎች ግን ከአናቶሚ በፊት ሲኤንኤ መውሰድ ይሻላል እላለሁ፣ የታመመ ሰው ማገላበጥ ምን እንደሆነ አይታችሁ ትወስናላችሁ።

ዩኒቨርሲቲ እየተማራችሁ ለሰመር ብቻ ምትመጡ ደግሞ፣ ክላሱ ወደናንተ ጋ ሚያልፍ መሆኑን ከራሳችሁ አድቫይዘር በኢሜይል አስጽፉ፣ በቃል አይሆንም። ብዙ ቦታ ክሬዲቱ ነው ሚያልፈው እንጂ ግሬዱ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፣ ጂፒኤ ለማንሳት ከሆነ እዛው ዩኒቨርሲቲያችሁ ውሰዱት።