አምስት ቁራጭ አንጀት፣ 16 ቀን ጥበቃ

ስቶክሆልም ያለችው ሐኪሜ የደም ምርመራዬን አይታ፣ «ሴሊያክ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ከአንጀትሽ ናሙና ተወስዶ ካልታየ አልወስንም» አለችኝ። ሴሊያክ እንደ ስንዴና ገብስ ባሉ እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የገዛ ቀጭን አንጀቱን የሚጎዳበት በሽታ ነው። የኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ የሚደረግ ምርመራ) ወረፋው ሦስት ወር ተኩል ነው። ለገና አገር ቤት ልገባ ትኬት ቆርጬ ስለነበር፣ አዲስ አበባ ላሠራው ብዬ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ስሰናበታት አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፤ ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ ዳቦ እንዳላቆም። ስንዴና ገብስ የተወ ሰው አንጀቱ ማገገም ስለሚጀምር ምርመራው ሊያሳስት ይችላል።

ለእናቴ ይህን ማስረዳት ከበሽታው ይብሳል። እኔ ስመጣ ብላ ነጭ ጤፍ አስፈጭታ፣ ምንም ሳትቀላቅል ጋግራ ጠበቀችኝ። ጤፍ ግን ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ እኔ ጠዋት ድፎ ዳቦ፣ ከሰዓት በሶ፣ ማታ የገብስ ቆሎ። «ከእንጀራ የተጣላሽው መቼ ነው?» አለችኝ፤ እውነትም ከፋት። ያ ሁሉ ዓመት የናፈቀኝ እንጀራ ፊቴ ተቀምጦ ዳቦ መቁረስ ለእኔም ቀላል አልነበረም።

ስለ ኢንዶስኮፒው ምስጋና እንጂ ቅሬታ የለኝም። የገና ማግሥት ደወልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ተሠራልኝ። ነርሷ እጄን ይዛ «አይዞሽ እህቴ» እያለች አልለቀቀችኝም። ሐኪሙም ከዱዮዲነም (የቀጭን አንጀት መጀመሪያ) መግቢያ አንድ፣ ዝቅ ብለው አራት ናሙና ወሰዱ። ጉዳቱ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ሊገኝ ስለሚችል አንድ ሁለት ቁራጭ አይበቃም፤ ይህን ሳልጠይቃቸው ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ገንዘብ መክፈያው ጋ ደረስኩ። በስልክ 6,500 ብር የተባልኩት ፓስፖርቴ ሲታይ 11,000 ሆነ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን ሳወጣ «እሱ እዚህ አይሠራም» ተባልኩ። የናሙናው ምርመራ ደግሞ ለብቻው 4,800። ይሁን፤ ወደ ክሮነር ስመልሰው ያን ያህል አይጎዳም ብዬ ከፈልኩ።

የጎዳኝ ጥበቃው ነው። «በአምስት ቀን ይደርሳል» ብለውኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ናሙናው ሌላ ቤተ ሙከራ ተልኳል አሉ። በስምንተኛው ቀን የሚያነቡት ሐኪም ለስብሰባ ወጥተዋል። ከዚያ ጥምቀት ገባ። «ከበዓል በኋላ ደውዪ።» ከበዓል በኋላ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ የምርመራውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «ነገ» አለች። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በሕፃናቷ ላይ ይህ በሽታ በርክቶባት ያየች አገር ስለሆነች፣ ቡና ቀጂው እንኳ ኬኩን ከመስጠቱ በፊት ግሉተን እንዳለው ይነግራል። ማወዳደሩ ተገቢ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንጀቱ እያረረ የሚጠብቅ ሰው ግን ያወዳድራል።

በ16ኛው ቀን አንዲት ወረቀት ተሰጠችኝ። ሁለት መስመር፦ «ሥር የሰደደ የዱዮዲነም ብግነት። የካንሰር ምልክት አልታየም። ከሕመምተኛዋ ሁኔታ ጋር ይገናዘብ።» ልጅቷ ወረቀቷን ስትሰጠኝ «ካንሰር የለብሽም፣ እልል በይ!» አለችኝ። ስለ ካንሰር ማን ጠየቀ? ስንት ቁራጭ እንደታየ፣ የአንጀቱ ሽፋን ማጠር አለማጠሩ፣ የሊምፎሳይቱ (በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሕዋስ) ብዛት፣ አንዱም አልተጻፈም። ለሴሊያክ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

የአጎቴ ልጅ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ወሰደችኝ። እዚያ ያሉት አዛውንት ፓቶሎጂስት (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያነቡ ሐኪም) ስላይዱን፣ ማለትም የናሙናው ስስ ቁራጭ የተለጠፈበትን መስታወት አይተው፣ «ልጄ፣ ቁራጮቹ በሰሙ ውስጥ ተጋድመው ስለተቀመጡ አግድም ተቆርጠዋል፤ ጤነኛውም እንዲህ ከተቆረጠ አጭር ይመስላል። ብሎኩን አምጪልኝና እንደገና ልቁረጠው» አሉኝ። ብሎክ የሚባለው ናሙናው የተቀበረበት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰም ናት። ሆስፒታሉ «የእኛ ንብረት ነው» አለ። የገዛ አንጀቴን! ማመልከቻ፣ ፊርማ፣ 1,500 ብር፣ ሁለት ቀን።

ዶክተሩ ግን አንጀቴን አራሱት። ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። ጤነኛ ቀጭን አንጀት እንደ ነጠላ ዘርፍ ነው፤ ዘርፎቹ ቪላይ ይባላሉ፣ ከሥራቸው ካሉት ጉድጓዶች ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማሉ። የእኔዎቹ አጥረው ደንድነዋል፣ ጉድጓዶቹ ጠልቀዋል። በሽፋኑ መካከል እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተኑት ነጥቦች ሊምፎሳይት ናቸው፤ ከመቶ የሽፋን ሕዋስ ከ25 ከበለጡ ብዙ ይባላሉ። ድምፃቸውን አውጥተው ቆጠሩልኝ፤ 40ን ሲያልፉ ተዉት። የአንጀቱ ጉዳት በሚለካበት፣ ማርሽ በሚባለው ደረጃ 3ሀ ነው አሉኝ። ሊምፎሳይቱ ብቻ ቢበዛ 1 ይሆን ነበር፤ ዘርፉ ጨርሶ ቢጠፋ ደግሞ 3ሐ።

«እንግዲያው ሴሊያክ ነው?» አልኳቸው። «እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ እንጂ በሽታውን ከስላይድ ብቻ አልሰይምም» አሉ። ጃርዲያም፣ የጨጓራ ባክቴሪያም፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ሊምፎሳይት ያበዛሉ። ጃርዲያውን ፈልገው አላገኙም። የቀረው ከደም ምርመራው ጋር አገናዝቦ መወሰን ነው፤ እሱ የሐኪሜ ሥራ ነው፤ እስከዚያ ዳቦውን በራሴ ፈቃድ እንዳላቆም መከሩኝ። በማግሥቱ ሙሉ ገጽ ሪፖርት ሰጡኝ፤ የቁራጮቹ ብዛት ሳይቀር ተጽፏል። የከፈልኩት 3,000 ብር ብቻ ነው፤ ፓስፖርቴንም የጠየቀኝ የለም። ናሙና የምታሠሩ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ሪፖርቱ እነዚህን ነገሮች እንደሚይዝ፣ ብሎኩም ሲፈለግ እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ።

እናቴ ሻንጣዬን ስምንት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ሞላችው። ስላይዶቹን ከነፕላስቲክ ማስቀመጫቸው በነጠላ ጠቅልዬ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ። ቦሌ ፍተሻ ላይ ልጁ ፕላስቲኩን አንስቶ ወደ መብራቱ አዞረው።

«ይህ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«አንጀቴ ነው» አልኩት።