አሮጌ ፒካፕ ወይስ አዲስ ስቴሽን ዋገን? ለሰሜን ሸዋ መንገድ

ጭነት፦ ፒካፑ በባሌስትራው (ጭነት በሚሸከመው የብረት ንጣፍ ሞላ) የገብስ ጆንያ ተሸክሞ አንኮበር ቢሄድ ቅር አይለውም። ስቴሽን ዋገኑ ወንበር አጥፈው ሲጭኑበት ሆዱ ድንጋይ ይልሳል።

ውርጭ፦ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በኅዳር ንጋት አሮጌው የናፍጣ ፒካፕ ሳያስል አይነሳም፤ ባትሪው ከደከመማ ጎረቤት ቀስቅሶ ማስገፋት ነው። የቤንዚኑ ስቴሽን ዋገን በአንድ ቁልፍ ይነሳል።

ቁልቁለት፦ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ፣ በተለይ በጉም፣ እኔ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለውን ስቴሽን ዋገን እመርጣለሁ። በፒካፕ ከሆነ ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛውን) ይያዙ፤ ፍሬኑን ብቻ ካመኑ ይግላል።

ጥገና፦ ፒካፑን የገጠር መካኒክም ይፈታዋል። የአዲሱ ሴንሰር ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ያ ማለት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ፣ 130 ኪሎ ሜትር፣ መሄድ ሊሆን ይችላል።

እህል ለሚያመላልስ ፒካፑ፤ በአስፋልት ቤተሰብ ይዞ ለሚመላለስ ስቴሽን ዋገኑ።