ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያን ወይስ በስልክ?

ስብከትን በስልክ መከታተል በዐውደ ምሕረት ተቀምጦ ከመስማት ብዙም አይርቅም፤ እንዲያውም ያልገባንን ደግመን ማዳመጥ እንችላለን። ቅዳሴ ግን ሌላ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» (ለጸሎት ተነሡ) ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ብሎ ይመልሳል፤ ሶፋ ላይ ተደላድሎ ይህን የሚመልስ ስንቱ ነው? ሥጋ ወደሙስ (ቅዱስ ቁርባኑ) በስልክ ስርጭት አይታደልም! ቆራቢው 18 ሰዓት ጾሞ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ በአካል ይቀርባል። የዕጣኑ መዓዛ፣ ስግደቱ፣ አጠገባችን የሚያለቅሰው ሕፃን ሳይቀር (እርሱንም መታገሥ የአምልኮው ክፍል ነው) ብቻችንን እንዳልቆምን ይነግሩናል።

ሆኖም ስርጭቱን የሚያጣጥሉ ሰዎች በዐረብ አገር የሚሠሩትን እህቶቻችንን የዘነጉ ይመስለኛል። ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ በይፋ የተፈቀደ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ማዳመጫዋን ሰክታ ቅዳሴ ለምትሰማ ሠራተኛ ያለው አማራጭ ያ ብቻ ነው። ለእርሷና ለአልጋ ቁራኛው ስርጭቱ ይስፋ እላለሁ። ደብሩ ደጃፉ ላይ ላለ ጤነኛ ሰው ግን ምክንያት አይሆንም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ቅዳሴውን የሚቀርጸው ሰው በቆራቢዎች ፊት ካሜራውን ይዞ ሲገተር፣ ከቤት ለሚያየው ሲባል ቆሞ የሚያስቀድሰው ይታወካል። ካሜራው ከኋላ ቢተከል ምን ይጎድላል?